ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ዕቃ የማን ነው? ከእናቴ ስልክ የተነሣ ጥያቄ

የሐይቁ መምህር (ከደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ይህን ክር የከፈትኩት ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። እናቴ የምትኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ገዝቼ የሰጠኋት ተች ስልክ፣ ስክሪኑ በአንድ ጠርዝ በኩል ከአካሉ እየተነሣ መጥቶ፣ "ልጄ፣ ስልኬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለብኝ" ብላ በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። ይህ ስልክ ለእሷ ጌጥ አይደለም፤ ዓረብ አገር ያለችውን እህቴን በየሳምንቱ ዓርብ ፊቷን እያየች የምታነጋግርበት ብቸኛ መንገድ ነው። ባትሪው ማበጡ ስለገባኝ ሄጄ አመጣሁትና ለጠጋኝ ሰጠሁት።

ጠጋኙ ወጣት ነው፤ እጁም የተረጋጋ ነው። ጠርዙን በሙቅ አየር እያለሰለሰ፣ ቀጭን ፕላስቲክ በስክሪኑና በአካሉ መካከል እያስገባ፣ ዙሪያውን የያዘውን ሙጫ ከግማሽ ሰዓት በላይ በትዕግሥት ሲፈለቅቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የመጨረሻው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ስክሪኑ "ጠቅ" አለና ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ልጁ ላቡን ጠርጎ ዝም አለ። እኔም አልተቆጣሁትም፤ አንዲት ባትሪ ለመቀየር መስታወት መስበር የሚያሰጋ ዕቃ የሠራው እሱ አለመሆኑን በዓይኔ አይቻለሁና። እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበውን ኖኪያ 3310 የያዝን ሰዎች ጀርባውን በአውራ ጣት ገፋ አድርገን ባትሪውን አውጥተን እንደነበር እናስታውሳለን፤ ለዚያ ሥራ ጠጋኝ ጋ የሄደ ሰው አላውቅም።

በዚያው ምሽት ደግሞ ስለ አንድ እንግዳ ዕቃ አነበብኩ። ሂውሜን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ልብስ ላይ ተሰክቶ በድምፅ የሚታዘዝና በመዳፍ ላይ ብርሃን እየጣለ ጽሑፍ የሚያሳይ ኤአይ ፒን የሚባል መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለገዢዎች ማድረስ ጀምሮ ነበር። ዋጋው 699 ዶላር ሲሆን በየወሩም 24 ዶላር ይከፈልበት ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 2025፣ ኩባንያው ንብረቱን በ116 ሚሊዮን ዶላር ኤችፒ ለተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ መሸጡ ሲነገር፣ መሣሪያዎቹ ከፌብሩዋሪ 28 ጀምሮ ከሚታዘዙበት ማዕከላዊ ኮምፒዩተር (ሰርቨር) ጋር መገናኘት እንደሚያቆሙ ለገዢዎቹ ተነገራቸው። የተሰጣቸው ጊዜ ዐሥር ቀን ብቻ ነበር። አንዲት ብሎን ሳትላላ፣ አንድ ሽቦ ሳይቃጠል፣ ደህና የነበረ ዕቃ በአንድ ሌሊት የማይረባ ሆነ።

ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ሳስባቸው ጥያቄዬ አንድ ሆነብኝ፤ ዋጋውን ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ወደ ቤቴ ያስገባሁትን ዕቃ መክፈት፣ መጠገንና እስኪያልቅ መገልገል ካልቻልኩ፣ የገዛሁት ምንድን ነው? ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጠጋኝ ከሸዋ በር (ደሴ)፦

መምህር፣ እናትዎን አላህ ዕድሜ ይስጥልን። ያ ወጣት ስክሪኑ ሲሰነጠቅ ምን እንደተሰማው እኔ አውቀዋለሁ። በዚህ ሙያ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባትሪ መቀየር ገንዘብ የማንቀበልበት፣ ለደንበኛ በነፃ የምንሠራው ሥራ ነበር። ዛሬ ያበጠ ባትሪ ያለበት ስልክ ሲመጣ ሱቄ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ወደ ኋላ አስወጥቼ፣ በአጠገቤ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ አስቀምጬ ነው የምጀምረው። ባትሪው የሚያብጠው በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ስለሚፈጥር ነው፤ ካቻቪቴ ቢነካው ወይም ሙቀት ቢበዛበት ይነድዳል። ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ሙጫ የማላቀቀው አልኮል ጠብ እያደረግሁ በጥርስ ክር ነው። ሙቀት የምጠቀመው ለስክሪኑ ጠርዝ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ነው።

ሰዎች የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ስልኮች የተዘጉበት ብሎን ራሱ የተመረጠው ተራ ካቻቪቴ እንዳይገባበት ነው። አፕል ከአይፎን 4 ወዲህ የተጠቀመው ባለ አምስት ቅጠል ብሎን ሲመጣ፣ መፍቻው ደሴ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደተቸገርን እኔ ነኝ የማውቀው። መፍቻውን ካገኘን በኋላ ደግሞ በሶፍትዌር የሚቆለፍ መጣ። ከአንድ አይፎን ያወጣሁትን ደህና ስክሪን ለሌላ ተመሳሳይ አይፎን ስገጥም፣ ዕቃው ከዚያው ኩባንያ የወጣ ሆኖ ሳለ ስልኩ "ይህን አላውቀውም" ይልና አንዳንድ አገልግሎቱን ይነፍጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው አይፎን 13 ላይ ስክሪን ሲቀየር የባለቤቱን ፊት አይቶ የሚከፈተው መቆለፊያ ሥራ ያቆም ነበር፤ ከብዙ ጩኸት በኋላ ኩባንያው በአፕዴት አስተካከለው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያሳዝነኝ ግን ገንዘባቸውን በከንቱ ያፈሰሱት ደንበኞቼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በወጣ አፕዴት፣ ባትሪያቸው ያረጀባቸው አይፎኖች ድንገት እንዳይጠፉ ተብሎ ፍጥነታቸው እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን በግልጽ አልተነገራቸውም። ስልኩ ሲንቀራፈፍ "አርጅቷል" እያሉ አዲስ የገዙ ብዙዎች ናቸው፤ ባትሪው ቢቀየር ፍጥነቱ ይመለስ ነበር። በዲሴምበር 2017 ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ ፈረንሳይም በ2020 የ25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለችበት። በዚያ ጊዜ ከእኔ ሱቅ "አይሠራልህም፣ ሌላ ግዛ" ብዬ የመለስኩት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ሳላውቅ ነበር ያልኩት፤ ዛሬም ሳስበው ይቆረቁረኛል።

መሐንዲስ ከኮምቦልቻ፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ፤ የመምህርም ቁጭት ይገባኛል። ይሁን እንጂ ሌላኛው ወገን ሳይሰማ ፍርድ እንዳይሰጥ እፈራለሁ። ስልኮች በሙጫ መታሸግ የጀመሩት ተጠቃሚን ለመጉዳት ተብሎ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የታሸገ ስልክ ዝናብና አቧራ ይቋቋማል፤ በሐምሌ ጭቃና በመንገድ አቧራ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ክዳንና ማቀፊያ ሲቀር ለባትሪው ራሱ የሚተርፈው ቦታ ይሰፋል። የዕቃዎች እርስ በርስ መተዋወቅም ሌባ የሰረቀውን ስልክ በታትኖ እንዳይሸጥ ይከላከላል፤ ሰኞ ገበያ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ይህን አይጠላውም።

አራተኛው ምክንያቴ ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የሆነውን አስታውሱ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 በኦገስት ወር ገበያ ላይ ዋለ፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ባትሪው እየነደደ 2.5 ሚሊዮን የሚሆን ስልክ እንዲመለስ ተጠራ። በምትኩ የተሰጡት ስልኮችም ነደዱ፤ በኦክቶበር 5 በአሜሪካ ለመነሣት የተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ አንዱ ጭስ ስላወጣ መንገደኞቹ በሙሉ ወረዱ፤ ከዚያም ምርቱ ጨርሶ ቆመ። በታላቅ ፋብሪካ ተፈትሾ የወጣ ባትሪ እንዲህ ካደረገ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፎርጂድ ባትሪ ማንም ሰው እንደፈለገ እየከፈተ ቢከትትበት ምን ሊመጣ እንደሚችል እናስብ። ጥያቄዬን በቅንነት ተቀበሉኝ።

ጠጋኝ ከሸዋ በር፦

ወንድሜ መሐንዲስ፣ በአክብሮት ስለጻፍክ በአክብሮት እመልስልሃለሁ። በማስረጃነት ያቀረብከው ኖት 7 ለእኔ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። የዚያ ስልክ ጉድለት ባትሪው ላይ ነበር፤ ባትሪው ግን ከስልኩ ስለማይወጣ ሙሉው ስልክ፣ ስክሪኑም ካሜራውም ቦርዱም፣ አብሮ መመለስ ነበረበት። አሁን ከእሱ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሆነውን እናስተያይ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2007 ኖኪያ ቢኤል-5ሲ የተባለው ባትሪ አንዳንዱ ቻርጅ ሲደረግ ከመጠን በላይ እንደሚሞቅ አስታወቀ፤ ጉዳዩ የነካው 46 ሚሊዮን ባትሪ ነበር። የጉድለቱ ስፋት ከኖት 7 በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ሰዎቹ ክዳኑን ከፍተው የባትሪውን ቁጥር አነበቡ፤ የተነካውን ባትሪ መልሰው ሌላ ተሰጣቸው፤ ስልካቸውም በኪሳቸው ቀረ።

ስለ ውሃ ያልከው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ጋላክሲ ኤስ 5ን ብታየው መልሱን ታገኘዋለህ። ጀርባው በጥፍር ይከፈታል፣ ባትሪው በእጅ ይወጣል፣ በክዳኑ ዙሪያ ባለች ቀጭን ጎማ ምክንያት ግን ውሃ ይቋቋም ነበር። አንድ ደንበኛዬ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጥሎት ያመጣውን በእጄ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ውስጡ ደረቅ ነበር። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ስለ ፎርጂድ ባትሪ ግን እውነትህን ነው፤ እሱን አልክድም። ኦሪጅናሉ በቀላሉ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ፎርጂዱን የሚገዛ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ (ደሴ)፦

ስለ ቢኤል-5ሲ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ ትንሽ ሬድዮ አለው፤ የምትሠራው በዚያው የኖኪያ ባትሪ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደሴ በጦርነቱ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ መብራትም ኔትወርክም አልነበረንም። የእኔ ውድ ስልክ በሁለተኛው ቀን ጠፍታ እንደ ድንጋይ ቁጭ አለች፤ ብትበራም ያለ ኔትወርክ የምትሰጠኝ ነገር ጥቂት ነበር። አባቴ ግን ከአሮጌ ስልኮቹ ያወጣቸው ሁለት ባትሪዎች ነበሩት። አንዷን በትንሽ የፀሐይ መብራት ቻርጅ እያደረገ፣ ሌላዋን ሬድዮዋ ውስጥ ከትቶ፣ ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዜና ያዳምጥ ነበር። ጎረቤቶቻችን ከጨለመ በኋላ በጓሮ በኩል እየመጡ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ከእሱ ጋር ያደምጡ ነበር። ቡና አልነበረንም፤ እናቴ የገብስ ቆሎ ትቆላልን ነበር።

ባትሪዋ ከአንድ ዕቃ ወጥታ ሌላ ዕቃ ውስጥ መግባት ባትችል ኖሮ፣ በእነዚያ ሳምንታት መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ወንድሜ ያለበት አካባቢ ምን እንደገጠመው፣ ምንም ሳንሰማ እንከርም ነበር። መሐንዲሱ ወንድሜ ስለ ውሃና ስለ ደኅንነት የሚያነሣው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ያቺን ትንሽ ባትሪ አባቴ በሸሚዙ ኪስ ይዟት ሲዞር ነው የሚታየኝ።

የሐይቁ መምህር፦

እህቴ፣ ይህን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ተማሪ (ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ)፦

ታላላቆቼ ከፈቀዱልኝ፣ ጉዳዩ ከስልክ አልፎ ባቡር ድረስ መድረሱን የሚያሳይ አንድ ዜና ልጨምር። በፖላንድ ኔዋግ የተባለ ኩባንያ የሠራቸው የመንገደኛ ባቡሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ለጥገና ወደ ሌላ ድርጅት ጋራዥ ከገቡ በኋላ አልነሣ አሉ። ሞተሩ ደህና ነው፣ ብሬኩ ደህና ነው፣ ኮምፒዩተሩም ምንም ብልሽት አያሳይም፤ ባቡሩ ግን አይንቀሳቀስም። ጠጋኞቹ ግራ ቢገባቸው ድራጎን ሴክተር የሚባል የሶፍትዌር ሰርሳሪዎች ቡድን ቀጠሩ። ቡድኑ በዲሴምበር 2023 ይፋ ያደረገው ግኝት ዓለምን አስገረመ፤ በባቡሩ ሶፍትዌር ውስጥ የተፎካካሪ ጋራዦች መገኛ በካርታ ነጥብ ተጽፎ እንደነበርና ባቡሩ እዚያ ለተወሰኑ ቀናት ከቆመ ራሱን እንዲቆልፍ የሚያዝዝ መስመር እንዳገኙ ተናገሩ። ኩባንያው ክሱን አልተቀበለም፤ ቡድኑንም ፍርድ ቤት አቆመው።

ይህን ዜና ያነበብኩት በከተማችን በኩል የሚያልፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር ሐዲድ በሚታይበት ኮረብታ ላይ ተቀምጬ ስለነበር፣ ነገሩ ሩቅ አገር የሆነ ወሬ ብቻ መስሎ አልታየኝም። አንድ ቀን ባቡሩ ሲመጣልን፣ የሚጠግነው የእኛ ልጅ ይሆናል ወይስ ሌላ አገር ያለ ሰው ቁልፉን እስኪለቅለት ቆሞ የሚጠብቅ ይሆናል? እኔ የምማረው መካኒካል ምሕንድስና ነው፤ ይህ ጥያቄ የራሴ የሕይወት ጥያቄ ነው።

በአሜሪካም በማክዶናልድ ምግብ ቤቶች ሁልጊዜ ተበላሽቶ የሚገኘው የአይስክሬም ማሽን ለብዙ ዓመታት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ማሽኑ የሚያሳየው የስሕተት ምልክት ለምግብ ቤቱ ሠራተኛ ስለማይገባ፣ የተፈቀደለት ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የዚያ አገር የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ የምግብ ቤት ማሽኖችን ዲጂታል ቁልፍ ለጥገና ሲባል መክፈት ሕግ መጣስ አይሆንም ብሎ ፈቀደ። የራስን ማሽን ለመጠገን የመንግሥት ፈቃድ ማስፈለጉ ነው እኔን ያስደነገጠኝ።

የውጫሌ ልጅ፦

እኔ ደግሞ ስለ ውሉ ልናገር። አዲስ ስልክ ስንከፍት መጀመሪያ የሚመጣው ረጅም ጽሑፍና ከሥሩ ያለው "እስማማለሁ" የሚል ምልክት ነው። እሱን ካልነካን ስልኩ አይከፈትም። ባለፈው ዓመት ለወንድሜ በገዛሁት ስልክ ላይ ያንን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማንበብ ቁጭ ብዬ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ እንኳ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። በመካከሉ ሶፍትዌሩ "ፈቃድ የተሰጠበት እንጂ የተሸጠ አይደለም" የሚል ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። ቀፎው የወንድሜ ነው፤ ቀፎው እንዲሠራ የሚያደርገው ነገር ግን የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። መምህር የጠየቁት ጥያቄ መልሱ እዚያ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እኛ በማናነበው ቋንቋ።

ከውጫሌ የወጣ ሰው ይህ ነገር ቢቆረቁረው አትፍረዱበት። ከከተማችን ብዙ በማይርቀው ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው "ይቻላቸዋል" ሲል፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ እንደተተረጎመ ሁላችንም እናውቃለን። የአንዲት ግሥ ልዩነት ወደ ዐድዋ ወሰደን። የአገርን ነፃነትና የስልክን ውል እኩል ለማድረግ አይደለም ይህን ማንሣቴ፤ የማያነቡትን ውል መፈረም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እየተነገረን ማደጋችንን ለማስታወስ ነው። እያንዳንዱ ስልክ ሻጭ ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች፣ ማለትም ባትሪው ይቀየራል ወይ፣ አፕዴት እስከ መቼ ይደርሰዋል፣ ኩባንያው አገልግሎቱን ቢያቋርጥ ዕቃው ምን ይሆናል የሚሉትን፣ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ ከካርቶኑ ጋር ቢሰጠን ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። በገዛ አገራችን ቋንቋ ማንበብ የሚለመን ነገር መሆን የለበትም።

የሐረጎ ሹፌር፦

ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ ዕድሜዬን በነዳጅ መኪና ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተወሰነ ወዲህ ልጄ አሳምኖኝ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። መኪናዋን እወዳታለሁ። ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ፍሬን ሳልረግጥ እሷው ራሷን እየያዘች ባትሪዋን ስትሞላ፣ መቶኛው ሲጨምር አያለሁ። በድሮው መኪና እዚያ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሸራ ሲሸት ነበር የማውቀው።

ችግሬ ሌላ ነው። መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ስለሆነች ስክሪኗ የሚናገረው ቻይንኛ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ቀይ ጽሑፍ አወጣችና አልጠፋ አለ። ፎቶ አንሥቼ ቻይና ለተማረ ለአንድ የዘመድ ልጅ ላክሁለት፤ የሰርቪስ ጊዜ መድረሱን የሚያስታውስ ጽሑፍ ነው ብሎ አረጋጋኝ። እሱን ለማጥፋት በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ ያስፈልጋል ተባልኩ፤ መተግበሪያውም የቻይና ስልክ ቁጥር ካልሰጠኸው አይመዘግብም። ቋንቋውን ለማስቀየር የሄድኩበት ጋራዥ ደግሞ "ሶፍትዌሩ ከተነካ ሌላ ነገር ሊቆለፍ ይችላል" ብሎ መለሰኝ። ያ ቀይ ጽሑፍ ዛሬም እፊቴ ላይ አለ። ቤቴን አስይዤ የገዛኋት መኪና ምን እያለችኝ እንደሆነ ሳላውቅ ነው ተሳፋሪ ጭኜ ዳገቱን የምወጣው። የውጫሌዋ ልጄ የጻፍሽውን ሳነብ "ይህችማ የእኔን ነው የምትናገረው" አልኩ።

መሐንዲስ ከኮምቦልቻ፦

ጋሼ፣ የጻፉት ከማንም ክርክር ይልቅ ነክቶኛል፤ የቧንቧ ውሃዋ እህታችን ያነሣችውም እንዲሁ። ከመጀመሪያው አቋሜ ግማሹን ትቼዋለሁ። ስለ ፎርጂድ ባትሪ ያለኝ ሥጋት አልቀረም፤ ሥጋቴ ግን መድኃኒቱ ማሸግ ነው ወደሚለው እንደማያደርሰኝ ጠጋኙ ወንድሜ አሳይቶኛል።

ከትናንት ጀምሮ የሌሎች አገሮችን ሕግ ሳነብ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ደንብ መሠረት፣ በዚያ ገበያ የሚሸጥ ስልክ መለዋወጫው ሽያጩ ካበቃ በኋላ ለ7 ዓመት መገኘት አለበት፤ ሶፍትዌሩም ለዓመታት መታደስ አለበት። ባትሪውን በሚመለከት ለአምራቾች ምርጫ ተሰጥቷቸዋል፤ ወይ ተጠቃሚው ራሱ እንዲቀይረው አድርገው ይሠሩታል፣ ወይም ውሃ የሚቋቋምና 1,000 ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ በኋላም ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን የሚይዝ ባትሪ ያደርጉለታል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ ባትሪ ያላቸው ሌሎች ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች በአብዛኛው ባለቤቱ ባትሪያቸውን ሊያወጣ በሚችልበት መንገድ መሠራት ይጠበቅባቸዋል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ2024 ባወጣው ሕግ ጠጋኙ ወንድሜ የተናገረለትን፣ መለዋወጫን በሶፍትዌር የማሰር አሠራር ከልክሏል።

ይህን ሳነብ የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም። አምራቾቹ ሕጉ ባለበት አገር እንዲህ መሥራት ከቻሉ፣ ለእኛ ገበያ የሚልኩትን ስልክ በሙጫ ለመጠረቅ ምክንያት አይኖራቸውም። እኛ ዘንድ አንድ ስልክ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ እየተላለፈ የሚያገለግል ነው፤ ዕድሜ የሚያስፈልገው ዕቃ ከየትም በላይ እዚህ ነው። መለዋወጫ ሲገባ የሚጣለውን ቀረጥና የኦሪጅናል ባትሪን አቅርቦት በሚመለከት የከተማችን ጠጋኞች በማኅበር ሆነው ጥያቄ ቢያቀርቡ፣ ቴክኒካዊውን ጽሑፍ በማዘጋጀት እኔ በሙያዬ እረዳለሁ። ይህን ለወግ ያህል አልተናገርኩትም፤ ጠጋኙ ወንድሜ ዝግጁ ከሆነ እሑድ ወደ ደሴ እወጣለሁ።

ጠጋኝ ከሸዋ በር፦

እሑድ ከቀትር በኋላ ሱቄ ክፍት ነው። ሌሎች አራት ጠጋኞችም ይመጣሉ። አቦሉን እኛ እናፈላለን።

የሐይቁ መምህር፦

ለሁላችሁም የደረሰበትን ልንገራችሁ። የእናቴ ስልክ ሌላ ስክሪንና ሌላ ባትሪ ገብቶለት ተመልሷል። ወጪው ስልኩን ስገዛው ካወጣሁት ዋጋ ግማሽ ያህሉን ወስዷል፤ ለአንድ አስተማሪ ደመወዝ ይህ ቀላል አይደለም። ዓርብ ማታ እህቴን በቪዲዮ ስታያት እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ከእሱ ጋር ለመጠባበቂያ እንድትሆናት አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝቼ ወስጄላት ነበር። ካርቶኑን ከፍታ ስልኳን አገላበጠቻትና፣ ማንም ሳያሳያት ጀርባዋን በጥፍሯ ከፈተቻት። ባትሪዋን አወጣች፣ በመዳፏ ላይ አድርጋ መዘነቻት፣ ሲም ካርዷን ከተተች፣ መልሳ ዘጋች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ያኛውን እንዲህ አድርገው ቢሠሩት ኖሮ ደሴ ድረስ ምን አስኬደህ?" አለችኝ።

ጠጋኙ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአዲሷ ስልክ ባትሪ ቢኤል-5ሲ ነው። እናቴ ሩቅ ስለሆነች፣ ባትሪው ማበጥ ሲጀምር ገና ከመጀመሪያው በራሷ የምታውቅበት ዘዴ ይኖር ይሆን?

ጠጋኝ ከሸዋ በር፦

አለ፣ መምህር። በወር አንድ ጊዜ ባትሪዋን ያውጡና በመስታወት ወይም በለስላሳ ሳሕን ጀርባ ላይ በጠፍጣፋ ጎኗ ያስቀምጧት። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ለማሽከርከር ይሞክሩ። ደህና ባትሪ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ትንሽ ተንሸራትቶ ይቆማል። ሆዱ ማበጥ የጀመረ ግን እንደ እንዝርት ይዞራል። ከዞረች መልሰው እንዳይከቷት፤ ከእሳትና ከፀሐይ አርቀው ያስቀምጧትና በሚመጣ መኪና ይላኩልኝ። ሌላ እልክላቸዋለሁ፤ የእሷን ሒሳብ አልቀበልም።